የግድግዳው ገደል

ጥቅምት 3

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታ ግን ፈልጌ አጣሁበት። ስድስት ዓመት ሙሉ የተዘጋ አፍ ሲከፈት "አቧራው፣ አንድ ሥራ አለህ" ብሎ ይጀምራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ለማንኛውም እኔ ደኅና ነኝ። መኪናዬም ደኅና ናት፤ እሷንም አልጠየቅሽም።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። አይሆንም። አባዬን በዚህ ዕድሜው ወደ በረሃ ይዘሽ አትምጪ። እዚህ ጎብኚ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር የማውቀውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ስነግርሽ ስሚኝ፦ በፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቦታ የለም። በስተግራ እንደ ጣት የቆመው ድንጋይ፣ ከሥሩ ወደ ግራ የሚታጠፈው ደረቅ ወንዝ፣ እማዬ የምትራመድበት የገደል እርከን፣ አንዱም የለም። ያልገባሁበት መግቢያ የለም። አባዬ ፎቶውን ሌላ ቦታ አንስቶት ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ወሬ ሲያሳምር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሻል ይኼ ነው።

ደግሞስ ለምን አሁን? ምክንያቱን ሳትነግሪኝ "በአስቸኳይ" የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሰመርሽበት። ስላሰመርሽ ድንጋይ አይበቅልም።

መልስ ካለሽ በዚሁ በቦቴው ሹፌር በኩል ላኪ። እዚህ ላለችው ከተማችን ውሃ ሊያወርድ በየጊዜው ይመጣል። መልስ ከሌለሽም አልሞትም።

አቧራው
(ስሙን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ ቻይው።)


ጥቅምት 12

ለአቧራው፣

ደኅና መሆንህን ከቦቴው ሹፌር ስለሰማሁ ነው ያልጠየቅኩህ። ወፍሯል አለኝ። እሰይ።

ሹፌሩ "ምነው እናንተ አትደዋወሉም?" ብሎ ጠይቆኛል። አንተም ሳትጠይቅ አትቀርም። በስልክ ከሁለት ቃል በኋላ እንጯጯሃለን፤ አባዬ ደግሞ ከጓዳ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። ደብዳቤ ግን አያነብም። ከእንግዲህ ምንም አያነብም። "ለምን አሁን" ላልከውም መልሱ ይኸው ነው። ዓይኑ ከዳር ከዳር እየጨለመ መጥቶ አሁን በቱቦ እንደሚያይ ሰው መሐሉን ብቻ ነው የሚያየው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ማየት የሚፈልገው ነገር ካለ ለከርሞ አትበሉት" አለኝ። ወጥቼ አባዬን ጠየቅኩት። ልጆቼን አላለም፤ ሁለታችንም እንዳንኮራ። "እናትሽ የተራመደችበትን ገደል አንዴ ልየው፤ አንድ ፎቶ ደግሞ በራሴ እጅ ላንሳ" ነው ያለው።

ስለዚህ ዕቅዱን ስማ። ኅዳር መጨረሻ እንመጣለን። ፎቶው የተነሳው በዚያን ጊዜ ስለሆነ ፀሐይዋም እንደዚያኔው ዝቅ ማለት አለባት። ሰዓቱ ንጋት ነው። አባዬ ሲያነሳ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ እንደነበር ሁልጊዜ ያወራል። በፎቶው ላይ ብርሃኑ ከቀኝ ነው የሚመጣው። ፊቱን ወደ ሰሜን ላዞረ ሰው ቀኙ ምሥራቅ ነው፤ አለቀ። እሱ ራሱ "ማታ ነበር፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል" እያለ ያስቸግረኛል፣ ግን ምን ታደርገዋለህ፣ ጃጅቷል። እና በጨለማ የሚያደርሰን መኪና፣ የሚያድርበት ድንኳን እና ቦታው ራሱ ያስፈልገኛል። መኪናውና ድንኳኑ አንተ ጋ አሉ። ቦታውን ፈልግ።

"የለም" አትበለኝ። አንተ የለም የምትለው መሄድ የማትፈልግበትን ነው። ለእማዬ ቀብርም አልነበርክም።

ታላቅ እህትህ


ጥቅምት 20

እትዬ፣

የአባቴን ዓይን ነገር ከመኪናና ከድንኳን ጋር በአንድ ትንፋሽ ነገርሽኝ። እግዜር ይስጥሽ። መቼ ጀመረው? ማን ያውቃል? ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ የቦቴው ሹፌር ሳይቀር ያውቃል፣ እኔ አሁን ሰማሁ። ሹፌሩ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ጨለማ ክፍሉን የላሚኔሽን ማሽን ማስቀመጫ አድርገሽዋል አሉ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ያጠበበትን ክፍል! ዓይኑ ቢጨልም ምን ይገርማል፤ ምን ሊያይበት ነው?

ንጋት ካልሽ እሺ፣ ንጋት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ። ገደሉ ውስጥ ማደር ማለት ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ጉም ሳይታይ፣ ከሩቅ የዘነበው ዝናብ በደረቁ ወንዝ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። ሲመጣ ይሰማል እንጂ አይጠብቅም። እኔና አንቺ ሮጠን እርከኑ ላይ እንወጣለን፤ አባዬስ? ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ከሌለው እንዳይነሳ። ካሜራውን በሁለት ጨርቅ ጠቅልዪው፤ የዚህ አገር አቧራ ያልተዘጋ ነገር አይምርም። ፊልሙን መኪናው ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪው። ከሰው በፊት ለፊልም የምጨነቅ ከመሰለሽ፣ ከማን እንደተማርኩት ታውቂያለሽ።

ቦታው የለም ያልኩሽ አንቺን ለማናደድ አይደለም። ለማናደድ ሌላ ብዙ ነገር አለኝ። ወደዚህ በረሃ የመጣሁት መሪ ለመጨበጥ ይመስልሻል? ልጅ ሆኜ የምተኛው ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ በዚያ ፎቶ ሥር ነበር። አባዬ "ስታድግ እወስድሃለሁ" ይለኝ ነበር። አደግኩ፤ አልወሰደኝም። በራሴ ጊዜ መጣሁና ፈለግኩት፤ አጣሁት። አባቴ ዋሽቶኛል ብዬ ነው እዚህ የምኖረው። ይህን በልቤ ይዤ ስኖር አንቺ መጥተሽ ንጋት ነው ማታ ነው ትይኛለሽ።

ፎቶውን አንሺና ቅጂውን ላኪልኝ። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም። አንድ ጊዜ ደግሜ እፈልጋለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።

አቧራው


ጥቅምት 29

ለአቧራው፣

ፎቶው ይኸው። በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌዋለሁ። በግራሶ እጅህ እንዳትነካው።

የጨለማ ክፍሉ አሳዝኖሃል አሉ። እንባህን ጥረግ። አባትህን የሚያበላው ያ የላሚኔሽን ማሽን ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ሁለቱም ጆሮው የሚታይ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ገደል ልግዛ ብሎ የመጣ እስካሁን አላየሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ሲሸጥና ሲለወጥ፣ ሲታመምና ሲቀበር የትም የለህ፤ አሁን ለክፍል ታለቅሳለህ።

ጫማውን ገዛሁለት። ቤት ውስጥ አድርጎት ይዞራል። እየተለማመድኩ ነው ይላል፤ ወለሉ ተንቋቋ። አልጋው ላይ ተቀምጦ ደግሞ ካሜራው ውስጥ ፊልም ማስገባት ይለማመዳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። "አሁን እንኳ ትንሽ እያየህ ለምን ትጨፍናለህ?" ብለው "ልልመደው ብዬ ነው" አለኝ። ወጥቼ ደንበኛ አስተናገድኩ። ምን ላድርግ?

በየቀኑ "ልጁ ምን አለ?" ይለኛል። ድንኳን እየሰፋ ነው፣ መኪናውን እያዘጋጀ ነው፣ ቦታውን አግኝቶታል እለዋለሁ። ይኸው በአንተ ስም መዋሸት ጀመርኩ። እንዳታሳፍረኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህና ልተወው። ያን ዕለት፣ እማዬን ስንቀብር፣ የት ነበርክ?

ታላቅ እህትህ


ኅዳር 9

እትዬ፣

ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልስ አለኝ፤ አንቺ ግን ለእሱ ጆሮ የለሽም። ስለዚህ ይለፈን።

ፎቶውን የኋላ ወንበር ኪስ ውስጥ ይዤ እየዞርኩ ነው። ብርሃን ከቀኝ በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ማልጄ ቆሜ አይቻለሁ። ጣቱ በግራ፣ ወንዙ ወደ ግራ፣ እርከኑ ከላይ ያለበት ገደል የለም። አራት ነጥብ።

እና አንድ ነገር አሰብኩ። ከዋናው መንገድ ብዙም የማይርቅ፣ ብቻውን የቆመ ድንጋይ ያለበት ሌላ ገደል አለ። ድንጋዩ ጣት አይመስልም፣ ክርን ነው የሚመስለው። መኪና እስከ ሥሩ ይገባል። ማደር የለ፣ ጎርፍ የለ። እዚያ እንውሰደውና "ይኸው አባዬ" እንበለው። በቱቦ ለሚያይ ሰው ጣትና ክርን ምን ልዩነት አለው? ፎቶውን ያነሳል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። አንቺም ትገላገያለሽ፤ እኔም እገላገላለሁ።

አስቢበት። ስድብሽን አሳጥሪው።

አቧራው


ኅዳር 15

አንተ፣

ደብዳቤህን አንብቤ እጄን ታጠብኩ።

ዓይኑ ነው የደከመው፤ ሰውየው አልሞተም። አባትህ የደንበኛን ፊት አንድ ጊዜ አይቶ የትኛው ትከሻ ዝቅ እንደሚል የሚያውቅ ሰው ነው። ሚስቱ የቆመችበትን ድንጋይ ከሌላ ድንጋይ አይለይም ብለህ ነው? ባይለይስ? ባይለይ ነው እኮ የሚብሰው! አልሸሹም ዞር አሉ። መፈለግ ስለሰለቸህ ዓይነ ስውር ልታታልል አማረህ።

በቃኝ። ኅዳር 26 ሌላ ሹፌር ይዤ እመጣለሁ። ቦታውንም ራሴ እፈልገዋለሁ። በመንገድ ላይ ብታየን ጥሩንባ እንኳን እንዳትነፋ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ "ልጄ፣ ማታ ነው እኮ የነበረው፤ በንጋት ብትወስዱኝ ጥላ ነው የማየው" አለኝ። በአንተ የተናደድኩትን በእሱ ላይ ተወጣሁት። ጮኽኩበት። "ፎቶው ይዋሻል እንዴ?" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና አልጋው ሥር አስገባው።

ይኸው ነው ያደረስከን።


ኅዳር 19

እትዬ፣

ሌላ ሹፌር አትያዢ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ትናንት ሁለት ጎብኚዎች ጭኜ ስሄድ ከኋላ የተቀመጠችው ሴትዮ ከወንበሩ ኪስ ውስጥ ፎቶውን አገኘች። ከፍ አድርጋ ይዛው "የምትወስደን እዚህ ነው?" አለችኝ። ቀና ብዬ በስፖኪዮው አየሁት። ፍሬን ያዝኩ፤ ሴትዮዋ ግንባሯን ልትገጭ ምንም አልቀራት። በስፖኪዮው ውስጥ ጣቱ በስተቀኝ ቆሟል፣ ወንዙ ወደ ቀኝ ታጥፏል። የማውቀው ቦታ ነው! ጎብኚ ምሳ የማበላበት፣ በድንጋዩ ጥላ ተጋድሜ የማንቀላፋበት፣ ጎማ ሲተነፍስ የምቀይርበት ቦታ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው ተኝቼ እሱኑ ስፈልግ ኖርኩ።

ፎቶው የተገለበጠ ነው፣ እትዬ። ሲታተም ኔጌቲቩ ማጉያው ውስጥ በጀርባው ነው የተቀመጠው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው፤ ከምዕራብ። ማታ ነው። አባዬ እውነቱን ነው። እኔ ዋሾ አልኩት፣ አንቺ ጃጀ አልሽው። ሰውየው በሕይወት ተቀምጦ እየነገረን ሁለታችንም ግድግዳውን አመንን።

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ይቅር። አንቺስ ፎቶ አንሺ አይደለሽም? ዕድሜሽን ሙሉ ሥሩ ቁጭ ብለሽ ምን ስታዪ ነበር?

ማታ ከሆነ ማደር አያስፈልግም። ከምሳ በኋላ ገብተን ከጨለማ በፊት እንወጣለን። ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጪለት።

አቧራው


ኅዳር 23

ለአቧራው፣

ምን ስታዪ ነበር ብለህ ጠየቅከኝ። ምንም። ደብዳቤህን እንደያዝኩ ፎቶው ሥር ሄጄ ቆምኩ። እማዬ ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ ነው ያንጠለጠለችው። ግራ ትከሻዋ ሕመምተኛ ነበር፤ ቦርሳ ቀርቶ ነጠላ ሲያርፍበት የምትሰቀቅበት ትከሻ። እስክትሞት ድረስ በቅባት ያሸሁት እኔ ነኝ። እና አላየሁም። በየቀኑ ሥሩ ቁጭ ብዬ የሰው ጆሮ ሳስተካክል አላየሁም። ከዚህ በላይ የምትሰድበኝ ካለህ ቀጥል።

ለአባዬ ነገርኩት። "ታዲያ ማታ ነው አላልኩም?" ብሎ ጫማዬን አምጪ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ስለ ካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ማውራት ጀመረ። ለምን እንደገለበጠው ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ለልጁ እነግረዋለሁ።" ለልጁ! መድኃኒቱን የምጨምርለት፣ ወጡን የማቀርብለት፣ በሌሊት ስሙን ስጠራ ነቅቶ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምስጢሩ ለልጁ ነው።

እኔ አልመጣም። ልመጣ ነበር፤ ልብሴን ሁሉ አስተካክዬ ነበር። ግን አንተና እኔ አንድ መኪና ውስጥ ከገባን የእሱ ቀን የእኛ ጠብ ይሆናል። ከቦቴው ሹፌር ጋር ይመጣል። ሲወርድ ክንዱን አትያዘው፣ እሱ የአንተን ክንድ ይያዝ። ደረጃ ወይ ድንጋይ ካለ እግሩ ከመድረሱ በፊት ንገረው። "ይታይሃል?" እያልክ አትጨቅጭቀው። ጎርፍ ከሰማህ ካሜራውን ጥለህ እሱን ያዝ፤ "ካሜራዬን" ቢልህም አትስማው።

አንድ ነገር ቢሆን ዓይንህን አላይም።

ታላቅ እህትህ


ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

አባዬ ይኸው፤ በሰላም መልሼልሻለሁ። እዚያ የሆነውን አልጽፍልሽም። አንቺ በራስሽ ፈቃድ ቀረሽ፤ እሱ የእኔ ነው። ዓይኑን በተመለከተ ራስሽ ታዪዋለሽ። ቦቴው ላይ ሲሳፈር የበሩን እጀታ በእጁ ዳብሶ ነው ያገኘው። ሲመጣ እንዲያ አልነበረም። ገደሉን ግን አይቶታል፤ ይህን አትጠራጠሪ።

ፊልሙ በጨርቅ ተጠቅልሎ በሻንጣው ውስጥ፣ ጫማው ውስጥ ነው። አንድ ብቻ ነው ያነሳው። ሌላ ፎቶ ቤት እንዳትሰጪው ብሏል።

ለምን ገለበጥከው ብዬ ጠየቅኩት። ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ለትልቅ ፎቶ የሚሆነው ግድግዳ ከበሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር። መጀመሪያ በትክክል አትሞ ሰቀለው። እማዬ በእርከኑ ላይ ወደ በሩ ትራመዳለች። "ቁጭ ብዬ መሥራት አቃተኝ" አለኝ። "ቀና ባልኩ ቁጥር ጥላኝ የምትወጣ ይመስለኛል። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍ እየሰማኋት እንኳን እፈራለሁ። አንድ ቀን አወረድኩትና ገልብጬ አተምኩት፤ ወደ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ሥራ ሠራሁ። ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩ።" ቆይቶ ደግሞ "አንተም በዚያው በር ነው የወጣኸው" አለኝ።

የጠየቅሽኝ ነገር ነበር። ያን ዕለት ከጎርፉ ወዲያ ማዶ ነበርኩ። መንገዱን ቆርጦት ነበር። ውሃው ጎድሎ ስሻገር ቀብራችሁ ጨርሳችኋል። ያን ጊዜ "ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ መጣብኝ" ብዬ ብጽፍልሽ ታምኚኝ ነበር?

ደኅና ሁኚ አልልሽም፤ አንቺም አትመልሺልኝም።

አቧራው


ታኅሣሥ 14

ለአቧራው፣

አላምንህም ነበር። የጎርፉን ነገር አሁን አምኜሃለሁ። ይቅር ግን አላልኩህም። ጎርፍ ቢቆርጥ ሳምንት ይቆርጣል እንጂ ስድስት ዓመት አይቆርጥም። አንቺም ብዕር ነበረሽ ትለኝ ይሆናል። እሱን ለብቻው እንጣላበታለን።

አባዬ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ሲነጋ ያውቃል፣ ሲመሽ ያውቃል። ስለ ገደሉ አንድ ቃል አልነገረኝም። ግን ምግቡን ይበላል፤ ማታ ማታም ብቻውን ያፏጫል። ሲያፏጭ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

የላሚኔሽን ማሽኑን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣሁት። ጨለማ ክፍሉን ጠረግኩ። የድሮውን ማጉያ አቧራውን አራገፍኩ፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩ። ፊልሙን ስናጥብ አባዬ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ገና ነው፣ ገና ነው፣ በይ አሁን አውጪው" ይለኝ ነበር። ፊልም ሲታጠብ መብራት የለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እኔም እሱም አናይም። እንደዚያ አብረን ተቀምጠን የምናውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ቀስ ብለህ ወጣህ። እማዬ በተራመደችበት እርከን ላይ፣ እጅህን ኪስህ ከትተህ፣ ተኮሳትረህ ትራመዳለህ። ወፍረሃል፤ ሹፌሩ አልዋሸም። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፤ ብርሃኑን ግን ልክ ይዞታል። የማታ ብርሃን ነው።

እማዬ አጠገብ፣ በሩ ጋ፣ ክፍት ቦታ ነበር። እዚያ ሰቀልኩህ። አባዬ ተነስቶ መጣና ክፈፉን በጣቶቹ ዳሰሰ። መስታወቱ ላይ መዳፉን አድርጎ ቆየ።

"ወዴት ነው የሚሄደው?" አለኝ።

"ወደ ውስጥ" አልኩት።

አልዋሸሁትም። ገልብጬ ነው ያተምኩህ።

እህትህ